ከቤት ሳይወጡ አገር ሲለወጥ

በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ መሀል ከተማ ዝቅ ያለች የጭቃ ጡብ ቤት አለች። በከተማዋ ካሉት ቤቶች ሁሉ የቀደመችው እሷ ናት። በዚህች ቤት የኖሩት ሉዊስ ማሪያ ፔራልታ በ1776 እ.ኤ.አ. ወደዚህ አካባቢ የመጡ የስፔን ንጉሥ ተገዥ ነበሩ። ሜክሲኮ በ1821 ነፃ ስትወጣ ሜክሲካዊ ሆኑ፤ በ1851 ሲሞቱ ደግሞ የሚኖሩባት ከተማ የአሜሪካ ነበረች።

ሜክሲኮ ካሊፎርኒያን ለአሜሪካ የለቀቀችበት፣ በ1848 የተፈረመው የጓዳሉፔ ሂዳልጎ ውል አንቀጽ 8 ለነዋሪው የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠው። ሜክሲካዊ ሆኖ መቅረት የሚፈልግ ያሳውቅ፤ ዝም ያለው አሜሪካዊ ለመሆን እንደመረጠ ይቆጠራል። በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀልም ነዋሪው የሌላ አገር ዜጋ ካልሆነ በቀር በቀጥታ የፌዴሬሽኑ ዜጋ ሆኗል።

በካሊፎርኒያ ዜግነቱ በዝምታ ቢገኝም መሬቱ ግን በዝምታ አልጸናም። ፔራልታ በ1842 ለአራት ወንዶች ልጆቻቸው ያካፈሉት 44,800 ኤከር መሬት ዛሬ ኦክላንድና በርክሌይ የሚገኙበት ነው። በ1851 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ባለርስቱን ሁሉ ይዞታውን በኮሚሽን ፊት እንዲያስረዳ አስገደደው። ወንድማማቾቹ በ1856 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረቱ፤ ሙግቱ እስኪያልቅ ግን ሰፋሪዎች ከብቶቻቸውን አርደው፣ ዛፎቻቸውን ቆርጠው፣ መሬታቸውን ተቀራምተውት ነበር።

ከሁሉ የከፋው በደል የደረሰው በአገሬው በኦሎኔ ሕዝብ ላይ ነው። የሜክሲኮ ሕግ እንደ ዜጋ ይቆጥራቸው ነበር። የ1849ኙ የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ግን የመምረጥ መብትን ለነጭ ወንዶች ሰጠ፤ ነባር ሕዝቦች ሁሉ በሕግ አሜሪካዊ የተባሉት በ1924 ነው።