ቀፎው የገበሬው፥ ማሩ የማን?

የአገራችን ገበሬ ንብ ማነብ ለመጀመር ገንዘብ ያን ያህል አስፈልጎት አያውቅም። ሽመል ሰንጥቆ ወይም ሐረግ ጎንጉኖ እንደ በርሜል የሾጠጠ ቀፎ ይሠራል፤ በእበትና በጭቃ ይለቀልቀዋል፤ ሣር ያለብሰዋል። ከዚያም ውስጡን አጥኖ ከዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። መንጋው ከገባለት በምሽት አውርዶ ወደ ጓሮው ያመጣዋል። ወጪው ጉልበትና ትዕግሥት ነው።

ታሪኩ መራራ የሚሆነው ከማሩ ላይ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ማር ግብር ነበር። በየአዳራሹ የሚንቆረቆረው ጠጅ የሚጣለው ከገባሩ ጓሮ በጉንዶ በሚወሰድ ማር ነበር። ግብሩ ቀስ በቀስ በገንዘብ ቢተካም፥ ጭሰኛው ካመረተው ለባለመሬቱ ማካፈሉ በሕግ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ስለ ማር ብዙ ሲባል ሰሙ ይዘነጋል። የጥበብ ሰው ግን ሊዘነጋው አይገባም። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ባዶውን ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይሞላዋል። የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የተሰየመው በዚሁ ሥራ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍም ሳይቀር ሰሙ የመጣው ዛሬ «ኋላ ቀር» ከሚባለው ቀፎ ነው፤ እንጀራው ከነሰሙ ስለሚቆረጥ ከባለ ፍሬሙ የበለጠ ሰም ይሰጣልና።

ባለ ፍሬሙን ቀፎ አሜሪካዊው ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1852 በፈጠራ መብት አስመዘገበው። ንቦች 8 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነን ክፍተት ሳይደፍኑ መተላለፊያ እንደሚያደርጉት አስተውሎ ነበር። ፍሬሙ ሳይሰበር ይወጣል፤ ማሩ ተጨምቆ እንጀራው ይመለሳል። ምርቱ ከባህላዊው ቀፎ በእጅጉ ይበልጣል፤ ነገር ግን የማር ማውጫ መዘውር፥ የሰም ማተሚያና ልኩን የማይስት አናጢ ይሻል። ድኻውን አናቢ በዚህ ሣጥን ማስጀመር ስሕተት ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኬንያ የተስፋፋው የሽግግር ቀፎ ለእርሱ ይቀርበዋል። ፍሬም የለውም፤ ከአናቱ የሚደረደሩት 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርድ ያላቸው ጠርቦች ብቻ ናቸው። ጠርቡ ሲነሣ እንጀራው ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ የበሰለው ተቆርጦ እጩ ለመንጋው ይተዋል። ግድግዳውን ከሽመልና ከጭቃ መሥራት ይቻላል፤ ልክ የሚጠይቁት ጠርቦቹ ናቸው። በደጋው መንጋ የሚወጣው አደይ ሲያብብ ስለሆነ፥ ቀፎው በነሐሴ ከምድጃው አጠገብ ደርቆ መቆየት አለበት።