ጃንደረባና ራሰ በራ

የሰው ልጅ ከራሰ በራነት ለማምለጥ ያልሞከረው ነገር የለም፡፡ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የግብጻውያን የሕክምና ጥቅል፣ ኤበርስ ፓፒረስ፣ የአንበሳ፣ የጉማሬ፣ የአዞ፣ የድመትና የእባብ ስብ ተደባልቆ ራስ እንዲቀባ ያዛል (የአዞውን ስብ ማን ሄዶ ያምጣው!)፡፡ ዩልዮስ ቄሳርም፣ የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶንዮስ እንደሚነግረን፣ ከተሰጡት ክብሮች ሁሉ አብልጦ የወደደው የሎረል አክሊል ዘወትር እንዲደፋ የተፈቀደለትን ነበር፡፡ መላጣውን ይሸፍንለታላ፡፡

መንስኤውን የሚጠቁመው ፍንጭ ግን ያኔም ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፡፡ በሂፖክራጠስ ስም በሚታወቁት አጫጭር የሕክምና አባባሎች ውስጥ ጃንደረቦች ሪህ እንደማይዛቸው፣ ራሳቸውም እንደማይመለጥ ተመልክቷል፡፡ አርስጣጣሊስም ይህንኑ አስተውሏል፡፡ ምልከታው ትክክል ሲሆን ማብራሪያው ግን ከእውነት የራቀ ነበር፤ በሩካቤ ጊዜ በራስ ውስጥ ያለው አክታ ግሎ የፀጉርን ሥር ያቃጥላል ይሉ ነበርና፡፡

ጃንደረባ ሲባል አንባቢ በሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን የሚያነበው የሕንደኬ ሹም ትዝ ይለው ይሆናል፡፡ ቃሉ በአማርኛ ሹመት አለው፣ ግርማ አለው፡፡ ከግርማው በስተጀርባ ያለው ግን ስለት ነው፡፡

ፍንጩ በፈተና የተረጋገጠው ከ2,000 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፡፡ ጄምስ ሐሚልተን የተባለ አሜሪካዊ የአናቶሚ ተመራማሪ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶችን መረመረ፤ ራሰ በራ አልሆኑም፡፡ ቴስቶስቴሮን የተባለውን የወንድነት ሆርሞን ሲሰጣቸው፣ በቤተሰባቸው ራሰ በራነት ያለባቸው ፀጉራቸው ይመለጥ ጀመር፤ የሌለባቸው ግን ያንኑ ሆርሞን እየወሰዱ ፀጉራቸው ባለበት ጸና፡፡ ስለዚህ ሆርሞን ብቻውን አይበቃም፤ ዘርም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ ተገናኝተው ዕድሜ ሲታከልበት ነው፡፡ (ሹሩባ እጅግ ሲጠብቅ ከግንባር ዳር የሚሸሸው ፀጉር ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ጥፋቱ የጉንጉኑ ነው፡፡)

እኔን የሚከነክነኝ ከውጤቱ ይልቅ የሰዎቹ ነገር ነው፡፡ ሐሚልተን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ሌላ ጥናት፣ የተሰለቡ ወንዶች ስንት ዘመን እንደሚኖሩ የሚመረምረው፣ በካንሳስ ግዛት የአእምሮ ዘገምተኞች ተብለው በተቋም ይኖሩ በነበሩ ሰዎች መዝገብ ላይ የቆመ ነው፡፡ በዚያ ግዛት በተቋም ያሉ ልጆችን መስለብ የተጀመረው በ1890ዎቹ ነበር፡፡ ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም፡፡ ሳይንሱ የሐሚልተንን ስም አቆየልን፤ የእነርሱ ስም በመዝገብ ቁጥር ተተክቷል፡፡

ቀጣዩ ፍንጭ ያለ ስለት ተገኘ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1974 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ሲወለዱ ሴት መስለው በጉርምስና ወንድነታቸው ስለሚገለጥ ልጆች ተጻፈ፡፡ ቴስቶስቴሮንን ዲኤችቲ ወደሚባለው ብርቱ ሆርሞን የሚለውጠው ኤንዛይም ይጎድላቸዋል፤ ሲያረጁም ራሰ በራ አይሆኑም፡፡ ያንን ኤንዛይም የሚገታው ፊናስቴራይድ በአሜሪካ በ1992 ለፕሮስቴት፣ በ1997 ደግሞ ለወንዶች ራሰ በራነት ተፈቀደ፡፡ በ1988 የተፈቀደው ሚኖክሲዲል ግን የአጋጣሚ ልጅ ነው፤ የደም ግፊት ክኒን ሆኖ ሲሰጥ ሕመምተኞቹን ፀጉር በፀጉር አደረጋቸው፡፡ ሁለቱም ቢሆኑ የሚሠሩት እስከተወሰዱ ድረስ ብቻ ነው፤ ባቆሙ በወራት ውስጥ የበቀለው መርገፍ ይጀምራል፡፡