በበላይና በበታች መካከል የአነጋገር መመሳሰል

የአነጋገር መመሳሰል ተነጋጋሪዎች ድምፃቸውን፣ የንግግር ፍጥነታቸውንና የቃላት ምርጫቸውን ወደ አነጋጋሪያቸው የሚያስጠጉበት ሂደት ነው። ጉዳዩን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በንድፈ ሐሳብ ያደራጀው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃዋርድ ጃይልስ ነው። አንቱታ አውቀን የምንሰጠው ክብር ነው፤ መመሳሰል ግን በአብዛኛው ተናጋሪው ሳያውቀው ይመጣል፤ ስለዚህም የበላይና የበታችን ግንኙነት ከአንቱታ ይልቅ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ስታንፎርድ ግሪጎሪና ስቲቨን ዌብስተር የአሜሪካዊውን የቴሌቪዥን ጠያቂ የላሪ ኪንግን ቃለ መጠይቆች ሲመረምሩ የለኩት የተነገረውን ሳይሆን ከ500 ኸርዝ በታች ያለውን፣ ቃል የማይለይበትን ጉርምርምታ ነበር። እንግዳው ትልቅ ሰው ሲሆን ኪንግ ወደ እሱ ተጠጋ፤ አነስ ያለው ሲቀርብ ደግሞ እንግዳው ወደ ኪንግ።

ከዚህ ተነስቶ የበታቹ ሁልጊዜ የበላዩን ይከተላል ማለት ግን ችኮላ ነው። ክሪስቲያን ዳኔስኩ ኒኩሌስኩ ሚዚልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቃል ክርክሮች መርምረዋል። የተከታተሉት እንደ መስተዋድድና ተውላጠ ስም ያሉትን፣ ማንም ልብ የማይላቸውን ቃላት ነው። ጠበቆች ከዳኞች የበለጠ መመሳሰላቸው አያስገርምም። የሚያስገርመው፣ ጠበቃው አብልጦ የሚመሳሰለው በመጨረሻ ከፈረደለት ዳኛ ይልቅ ከፈረደበት ጋር መሆኑ ነው። ሁለቱም ዳኞች እኩል ድምፅ አላቸው፤ ልዩነቱን ማዕረግ ብቻውን አይፈታውም። ጠበቃው ገና ያላገኘው ያኛውን ዳኛ ነው። ስለዚህ መመሳሰልን የሚመራው ፈላጊነት ነው፤ ሥልጣን የሚሠራውም ማን ፈላጊ እንደሚሆን በመወሰን ነው።

እናት ለሕፃኗ ቃል ቆርሳ፣ ድምፅ አቅጥና ስታወራ ጉልበተኛው ወደ ደካማው ይወርዳል፤ ይህ ሐሳቡን ያፈርሳል የሚል ይኖራል። አያፈርስም፤ እንዲገባባት የምትፈልገው እናት ናት፣ ሕፃኑ ደግሞ ልጠጋ ቢል እንኳ አቅሙ የለውም። የከበደው ተቃውሞ ከዌልስ የመጣው ነው። ሪቻርድ ቡርሂስና ጃይልስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ሙከራ፣ የተከበረውን የእንግሊዝኛ አነጋገር የሚናገር ጠያቂ ዌልሽኛ ለሚማሩ ሰዎች ቋንቋውን የሚሞት ብሎ አጣጣለባቸው። ቋንቋውን የማንነታቸው አካል አድርገው የሚማሩት በመጠጋት ፈንታ የዌልስ ቅላጼያቸውን አጎሉ። ለሥራ እድገት ብለው የሚማሩት ግን እንዲህ አላደረጉም።