የዘፋኝ መልክ በአደባባይ፦ የሙዚቀኞች ምስል ታሪክ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

በቲያትር ቤት መግቢያ አዳራሽ፣ ማለትም ተመልካች ትኬት ቆርጦ መጋረጃው እስኪከፈት በሚቆይበት ስፍራ፣ በርካታ ሠዓልያን የታወቁ ሙዚቀኞችን መልክ ሥለው በአንድነት ቢያቀርቡ ድርጊቱ ለዘመኑ ተመልካች እንግዳ አይሆንበትም። በኢትዮጵያ ግን የግድግዳ ሥዕል ለብዙ መቶ ዓመታት የቅዱሳንና የነገሥታት ድርሻ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ዓለማዊ ዘፋኝ በስሙና በመልኩ ታውቆ ምስሉ በአደባባይ የሚሰቀልበት ልማድ የቅርብ ዘመን ልማድ ነው። ለዚህ ልማድ መነሻ የሆነው የሥዕል ጥበብ መስፋፋት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ አስቀድሞ የዘፋኙ ማኅበራዊ ደረጃ መለወጥ ነበረበት። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ታሪክ ይህን ለውጥ በሚገባ ያሳያል፤ አካባቢው በዋና ከተማው ለታነጹት የቲያትር ቤቶች ድምፅም መሪም አበርክቷል፣ በኋላም የራሱን ዘፋኝ ምስል በራሱ ከተማ አደባባይ አቁሟል።

አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በፍል ውኃዋና በማዕድን ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማም ነበረች። አውራጃ በጠቅላይ ግዛትና በወረዳ መካከል የነበረ የአስተዳደር እርከን ነው። ጊዮን የሚል ስም ተሰጥቷት የነበረችው ወሊሶ ደግሞ የጨቦና ጉራጌ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ ወሊሶ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን መቀመጫ ብትሆንም፣ እዚህ በሚነገረው ዘመን ሁለቱ ከተሞች የምዕራቡን ሸዋ የትምህርት፣ የንግድና የመዝናኛ ሕይወት የሚመሩ አቻዎች ስለ ነበሩ ታሪካቸውን ነጥሎ ማየት አስቸጋሪ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ ሙዚቀኛ ሆነው በተደጋጋሚ የሚታዩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በመዝሙረ ዳዊት የብራና መጻሕፍት መግቢያ ላይ በገና ይዞ የሚሣለው ንጉሥ ዳዊት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዜማውን እያሰማ ሳለ የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩ ላይ ሲተከል ሕመሙ ያልተሰማው ቅዱስ ያሬድ ነው። ሁለቱም በሥዕል የሚታወቁት በፊታቸው መልክ ሳይሆን በያዙት ዕቃና በሚገኙበት ትዕይንት ነው፤ በገና ያለው ዳዊት፣ መቋሚያና ጸናጽል ያለው ያሬድ መሆኑን ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቃል። ለሥዕል የበቁትም አንዱ ንጉሥና ነቢይ፣ ሌላው ቅዱስ በመሆናቸው ነው፤ ሙዚቀኛነት ለብቻው ለዚህ ማዕረግ አያበቃም ነበር። ማሲንቆ እየመታ በየመኳንንቱ ቤት የሚያዜመው አዝማሪ በባህላዊ ሠዓልያን የግብር ሥዕሎች፣ ማለትም የቤተ መንግሥት ግብዣን በሚያሳዩ ሥራዎች ውስጥ ቢታይም፣ የሚታየው እንደ አሳላፊውና እንደ ጠጅ ቀጂው የድግሱ አካል ሆኖ፣ ያለ ስም ነው።

በሜጫና በቱለማ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ የዘፈን ክብር በሌላ መንገድ ይጠበቅ ነበር። ጌራርሳ የሚባለው፣ ጀግና ወይም አዳኝ የፈጸመውን ገድልና የደረሰበትን መከራ በራሱ አንደበት የሚያዜምበት የቃል ግጥም፣ የተለየ ባለሙያ የሚተዳደርበት ሥራ ሳይሆን የባለ ገድሉ መብት ነበር። የሰውየው ስም ከአንደበት ወደ አንደበት በሚተላለፍ ግጥም ስለሚቆይ፣ መታሰቢያነቱ የሥዕል ድጋፍ አይጠይቅም። የምዕራብ ሸዋ ሕዝብ እንግዲህ ዘፋኝ በምስል ወደሚታወቅበት ዘመን የገባው ከሁለት ልማዶች ተነሥቶ ነው፤ አንዱ ሙዚቀኛውን ያለ ስም የሚሥል፣ ሌላው ስሙን ያለ ሥዕል የሚጠብቅ።

ሁለቱን፣ ስምንና መልክን፣ ያገናኘው ቲያትር ነው። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ጊዜ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር፣ መጀመሪያ ሕዝቡን ለመከላከል ለመቀስቀስ የታሰበ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሀገር ፍቅር ቲያትር ሆኖ ሲደራጅ ግን ዘፋኞችንና የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን በደመወዝ ቀጥሮ ማሠራት ጀመረ። በዚህም የሙዚቀኛው ኑሮ ከአንድ ጌታ ፈቃድና ከዕለት ሽልማት ተላቅቆ በተቋም ላይ ተመሠረተ፤ ስሙም በመድረክ መሪ አንደበትና በፕሮግራም ወረቀት ላይ ይጠራ ጀመር። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቲያትር፣ ለዚሁ አዲስ ማዕረግ ሰፊ ሕንፃ ሰጠው። የተከፈተውም መኰንን እንዳልካቸው በጻፉት «ዳዊትና ኦርዮን» በተባለ ተውኔት ነበር።

የሀገር ፍቅር ተዋንያን በየጠቅላይ ግዛቱ እየተዘዋወሩ ያሳዩ የነበረው ትርኢት በምዕራብ ሸዋ ያስገኘው ውጤት በጥላሁን ገሠሠ ሕይወት ይታያል። ጥላሁን በመስከረም 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቢወለድም ያደገው ወሊሶ ከአያቱ ዘንድ ነው፤ የተማረውም በዚያው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ሱዳናዊው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የዘፈን ፍላጎቱን አበረታትተውለታል። እነ ኢዮኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ የነበሩበት የሀገር ፍቅር ቡድን ወሊሶ መጥቶ ትርኢት ባቀረበ ጊዜ፣ ልጁ ከኢዮኤል ጋር ስለ ሙዚቃ ተነጋግሮ ምክር ተቀበለ፤ አያቱ ትምህርቱን እንዲቀጥል ቢሹም ቤቱን ትቶ በእግሩ እስከ ቱሉ ቦሎ ሄደ፣ ወደ ወሊሶ ከተመለሰም በኋላ በድጋሚ ወጥቶ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገባ። በሀገር ፍቅር ተቀጥሮ፣ ቆይቶም ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛውሮ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያዜም የሀገሪቱ ታላቅ ድምፅ ሆነ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜም በመንግሥት ደረጃ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተፈጽሞለታል። ለዘፋኝ እንዲህ ያለ ክብር መሰጠቱ ሙያው በአንድ ሰው ዕድሜ ምን ያህል ርቀት እንደ ተጓዘ ያሳያል።

ከአምቦ በኩል የተነሣው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ለቲያትር ቤቱ መሪነትን አበርክቷል። ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ፣ በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት አሳይቷል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በለንደን የሮያል ኮርት ቲያትርንና በፓሪስ የኮሜዲ ፍራንሴዝን አሠራር ካጠና በኋላ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርን ለዐሥር ዓመታት ያህል በኪነ ጥበብ ዳይሬክተርነት መራ። ታላላቆቹ የአውሮፓ ቲያትር ቤቶች ባለሙያን በምስል የማክበር የቆየ ልማድ አላቸው። በ1680 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቀራፂው ኡዶን የሠራውን የቮልቴርን የተቀመጠ ሐውልት በፎዬው፣ ማለትም ተመልካች በዕረፍት ሰዓት በሚንሸራሸርበት አዳራሽ ያኖራል፤ የሚላኖው ላ ስካላም የዘፋኞችንና የደራስያንን ምስሎች የሚያሳይ የራሱ ሙዚየም አለው። በኢትዮጵያ በዚያው ዘመን የሕዝብ አዳራሽ ግድግዳ በመጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ስፍራ ነበር፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላም ቦታውን የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች ወረሱት። ለመድረኩ ሰው የተረፈው ስፍራ ለሚቀጥለው ትርኢት የሚለጠፈው ማስታወቂያ ነበር፤ ማስታወቂያ ደግሞ ትርኢቱ ሲያልፍ የሚነሣ በመሆኑ የክብር ምስል ሊባል አይችልም።

ሠዓልያኑም በበኩላቸው ወደ ሙዚቀኛው መልክ የደረሱት ቀስ በቀስ ነው። አፈወርቅ ተክሌ በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የግል የሥዕል ትርኢቱን ሲያቀርብ፣ በ1950 ዓ.ም. አካባቢም በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሰውን በራሱ መልክ አስመስሎ መሣል፣ ማለትም የቁም ሥዕል፣ በትምህርት የሚሰጥ ሙያ ሆነ፤ ሥዕልን በቡድን አሰባስቦ ለሕዝብ ማሳየትም ከዚሁ ትምህርት ቤት ጋር ሥር ሰደደ። ይሁንና የቁም ሥዕል ዋጋ የሚጠይቅና በአዲስ አበባ የሚወሰን ስለ ነበረ፣ የዘፋኝን መልክ ወደ ጊንጪ፣ ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደርና ወደ ባኮ ያደረሰው ብሩሽ ሳይሆን ካሜራ ነው።

በአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ሙያ እንደ ቦያጂያን ያሉ የአርመን ቤተሰቦች ከቤተ መንግሥት ጀምረው ያስፋፉት ሲሆን፣ ከሙዚቃ ንግድ ጋር በሰፊው የተገናኘው በሸክላ፣ ማለትም በሙዚቃ ዲስክ፣ አማካይነት ነው። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ገደብ ተዳፍሮ አምሃ ሬከርድስን መሠረተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አሳተመ። የእነዚህ ሸክላዎች ሽፋን የዘፋኙን ፎቶግራፍና ስም በአንድ ወረቀት ላይ አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ገዢው ዘፈኑን ሲገዛ መልኩንም ይገዛ ነበር። በደርግ ዘመን ሸክላ ቀርቶ ካሴት ሲተካ ሽፋኑ ከእጅ መዳፍ ቢያንስም ዋጋው ረከሰ፣ ስርጭቱም ሰፋ፤ የሙዚቃ ቤቶች የካሴት ሽፋኖችንና ፖስተሮችን ደርድረው በሚያሳዩበት መስኮት ከዋናው ከተማ ርቆ የሚኖር አድማጭ ዘፋኙን በዓይኑ ያውቀው ጀመር። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ለተደረደሩት ከተሞች ይህ መስኮት የቲያትር ቤቱን መግቢያ አዳራሽ ተግባር በከፊል ፈጽሟል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የንግድ ሽፋን የሚያከብረው የሚሸጠውን ሰው ነው። ዜማውን ለኦርኬስትራ ያቀነባበረው፣ ማሲንቆውን ወይም ሳክስፎኑን የተጫወተው ሰው በሽፋን ላይ እምብዛም አይታይም። የብሔራዊ ቲያትርን ሙዚቃ ለዓመታት የመራው ነርሲስ ናልባንድያን፣ በሀገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃ ላይ ካሳደረው ተጽዕኖ አንጻር መልኩ የሚታወቀው በጥቂቶች ዘንድ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመትና በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የፎቶግራፍ መጽሐፍ ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው፤ የክብር ዘበኛን፣ የፖሊስንና የቲያትር ቤቶችን ባንዶች የቡድን ፎቶግራፎች በማሰባሰባቸው፣ ከፊት የቆመውን ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የተቀመጡትንም ለታሪክ አቆይተዋል።

አምቦ የራሷን ዘፋኝ ምስል በራሷ አደባባይ ያቆመችበት ምዕራፍ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ጋር የተያያዘ ነው። በ1978 ዓ.ም. በአምቦ የተወለደው ሃጫሉ ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ ታስሮ አምስት ዓመት በዚያችው ከተማ ወኅኒ ቤት አሳልፏል፤ ከተፈታም በኋላ «ሰኚ ሞቲ» በተባለው የመጀመሪያ አልበሙ ታወቀ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው «ማላን ጂራ» ደግሞ በአካባቢው በተነሣው የሕዝብ ተቃውሞ ወቅት በሰፊው የተደመጠ ዘፈን ሆነ። የእርሱ ትውልድ መልክ በካሴት ሽፋን ሳይሆን በቪዲዮና በስልክ ስለሚሰራጭ፣ ፊቱን ለማወቅ ሱቅ መሄድ እንኳ አላስፈለገም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገድሎ ሰኔ 25 ቀን በአምቦ ከተቀበረ በኋላ ምስሉ በልብስ፣ በባነርና በፖስተር ላይ ከሀገር ውስጥ አልፎ ኦሮሞዎች በሚኖሩባቸው የውጭ ከተሞች ጭምር ተሰራጨ፤ በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመው የግብርና ትምህርት ቤት የተነሣው አምቦ ዩኒቨርሲቲም አንዱን ካምፓስ በስሙ ሰየመ።

ይህ ምስል ከቲያትር ቤቱ ምስል የተለየ ጠባይ አለው። የቲያትር ቤት ምስል ተቋሙ ለባልደረባው የሚሰጠው ክብር ሲሆን፣ የሃጫሉ ምስል ሕዝቡ የተቋም ፈቃድ ሳይጠይቅ ያነሣው የሐዘንና የማንነት ምልክት ነው። ስሙንና ገድሉን አብሮ በመያዙ ከቆየው የጌራርሳ ልማድ ጋር ይዛመዳል፤ ነገር ግን አንድ ፎቶግራፍ ያለ ለውጥ በብዙ ሺህ ሲባዛ፣ እንደ ያሬድና እንደ ዳዊት ሥዕል፣ ሰውየውን ከነጠባዩ ከማሳየት ይልቅ የሚወክለውን ነገር ወደ ማመልከት ያዘነብላል።

የሙዚቀኞችን መልክ የሚያቀርብ የቡድን ዐውደ ርእይ ታሪካዊ ጥቅሙ የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው። አንድን ሰው ብዙ እጆች ሲሥሉት፣ አንዱ ሠዓሊ ድካሙን፣ ሌላው ኩራቱን፣ ሦስተኛው ወጣትነቱን ስለሚያነሣ፣ ምልክት ሆኖ የቆየው መልክ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። የቲያትር ቤት መግቢያ ደግሞ ዘፋኙን ከባልደረቦቹ አይነጥልም፤ በአንድ ግድግዳ ላይ ጥላሁን ገሠሠ ባለበት፣ ወሊሶ ድረስ ሄዳ የተጫወተችው ንጋቷ ከልካይ፣ በክራሯና በተዋናይነቷ የታወቀችው አስናቀች ወርቁና የኦርኬስትራው መሪ ነርሲስ ናልባንድያንም ሊሰቀሉ ይችላሉ። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሰጧቸውን ሙዚቀኞች በቂ አድርጎ የሚያስታውስ ግድግዳ፣ እንግዲህ፣ በገበያም በሐዘንም ስማቸው የገነነውን ብቻ ሳይሆን፣ ከማሲንቆና ከክራር ጀርባ ያለ ስም የቆዩትን ጭምር በስማቸው የሚጠራ ሊሆን ይገባዋል፤ በግብር ሥዕል ውስጥ ስም አልባ ሆኖ የኖረው አዝማሪ ሙሉ ማዕረጉን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነውና።