የባሕር ዐውሎ (ትሮፒካል ሳይክሎን)

ጥር ላይ በደጋዋ ጫጫ ዐውድማ አጠገብ የዋለ ሰው ዐውሎ ነፋስን ያውቀዋል። ፀሐዩ ጠንከር ሲል ከሜዳው ብድግ ይልና ገለባውን እንደ እንዝርት እያሾረ ያነሣዋል፤ አጥር ላይ የተሰጣውን ነጠላ ገፎ ማዶ ይጥለዋል። ልጆች ሰይጣን አለበት ብለው ይሸሹታል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ደግሞ የለም።

ችግሩ ዜና አንባቢውም በመጋቢት 2011 የሞዛምቢኳን የቤይራ ከተማ ያወደመውን ኢዳይን በዚሁ ስም መጥራቱ ነው። ኢዳይ በሞዛምቢክ፣ በዚምባብዌና በማላዊ ከ1,000 በላይ ሰው ገድሏል። የጫጫው ዐውሎ ከደረቅ መሬት ይነሣል፤ ይኼኛው ግን 26 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሞቀ የውቅያኖስ ውኃ ካላገኘ አይፈጠርም። ስፋቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይለካል፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይዞራል። ስንቁ ከባሕሩ የሚተነው እርጥበት ስለሆነ የብስ ሲረግጥ ይደክማል። አትላንቲክ ላይ ሃሪኬን፣ በምዕራብ ፓስፊክ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን ይሉታል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ስለዚህ «የባሕር ዐውሎ» ብንለውስ? ግዕዝ የሚወድ ሰው «ባሕረ ዐውሎ» ይል ይሆናል፤ ግን ያ «የዐውሎ ባሕር» ማለት ይሆንበታል፣ ተገላቢጦሽ። መሐሉ ላይ ያለው ጸጥ ያለ ክብ «ዓይን» ነው፤ እሱስ ትርጉም አላስቸገረም። ነፋሱ እየገፋ ወደ የብስ የሚያወጣውን ውኃ ደግሞ «የባሕር ሙላት» እለዋለሁ። ነሐሴ ላይ የጫጫ ወንዝ ሞልቶ ከወዲያ ማዶ ያደረ ሰው ቃሉን ሳይነግሩት ይገባዋል። ቤይራንም ከነፋሱ ሌላ የመታት ይኸው ሙላት ነው።

ደጋ ላይ ተቀምጠን ስለ ባሕር ምን አገባን? በልግ ያገባናል። የጣርማ በርና የአንኮበር ደጋ የበልግ ገብስ የሚዘራበት ዝናብ እርጥበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ማዳጋስካር አካባቢ የባሕር ዐውሎ ሲነሣ ያንን እርጥበት ወደ ራሱ ይስበዋል። ተመራማሪዎቹ ዱላ ሻንቆና ፒየር ካምበርሊን በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ዐውሎዎች የተደራረቡባቸው ዓመታት ከኢትዮጵያ የድርቅ ዓመታት ጋር እንደሚገጥሙ አሳይተዋል። የተደራረቡባቸው ነው ያሉት፤ አንዱ ብቻውን በልግን አይወስንም። የዚያን አካባቢ ዐውሎዎች የሚከታተለው ማዕከል ሬዩኒዮን ደሴት ላይ ነው። መንገዳቸውን ለሦስት ለአራት ቀን ያህል ደህና አድርጎ ይተነብያል፤ ጉልበታቸው ባንድ ሌሊት ሲጨምር ግን ትንበያው ዛሬም ይሳሳታል። እኔ የካቲት ላይ የዐውሎ ስም በዜና ስሰማ ጆሮዬን የማቆመው ለዚህ ነው።

ከሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ዐውሎ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሳጋር የተባለው የባሕር ዐውሎ ግንቦት 11 ቀን 2010 የኤደን ባሕረ ሰላጤን ወደ ምዕራብ ዘልቆ ሶማሌላንድ ላይ የብስ ረገጠ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ በተያዘው መዝገብ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ገብቶ የብስ የረገጠ አልነበረም። እሱ እርጥበት አልነጠቀንም፤ ውኃውን ተሸክሞ መጥቶ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ጎርፍ አድርጎ አራገፈው።