ከወናፍ እስከ ሚኒሞ፦ የናፍጣ ሞተር በወለቃ መንገድ

የአንድ ሙያ ታሪክ በመዛግብት ብቻ ተጽፎ አይገኝም፤ ባለሙያው ዘወትር በሚናገራቸው ቃላት ውስጥም ተቀምጦ ይኖራል። ሞተር ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ በዝግታ የሚዞርበትን ልክ መካኒኮቻችን «ሚኒሞ» ይሉታል። ቃሉ እንደ ካቻቢቴና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው።

ከጎንደር በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ የምትገኘው ወለቃ በቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች የታወቀች መንደር ናት። ቀጥቃጩ ከሰል ያለ ወናፍ ብረት እንደማያለዝብ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በስታራቼ የተመራው ባለካሚዮን ጦር ጎንደር ገባ፤ ወራሪው ያሠራው የሊማሊሞ መንገድም ከተማይቱን ከአሥመራ ጋር አገናኘ። በዚያ ዘመን የናፍጣ ሞተር ያለው ፊያት 634 ወደ አገራችን ገባ። ከጦርነቱ በኋላም በሞዴል ምልክቱ «ኤንትሬ» የተባለው ፊያት 682 ተከተለ።

የእነዚህ ሞተሮች ሚኒሞ የሚጠበቀው ከናፍጣ ፖምፓው ጋር በተያያዘው ፍጥነት ተቆጣጣሪ ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ናፍጣ ይጨምራል፤ ሲወጣ ይቀንሳል። መካኒኩ በብሎን የሚያስተካክለው ይህንኑ ሚዛን ነው።

ሆኖም ደጋው የራሱ ሕግ አለው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ጭነት የያዘ ካሚዮን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ቢተፋ፣ ጥፋቱን በሚኒሞ ብሎን ላይ መፈለግ ስሕተት ነው። አስቀድሞ የአየር ማጣሪያው፣ መርጫዎቹና ከፍተኛው የናፍጣ መጠን ሊመረመሩ ይገባል። እንዲሁም በብርድ ማለዳ፣ ዘይቱ ሳይሞቅ የተስተካከለ ሚኒሞ ሞተሩ ሲሞቅ ከልኩ ያልፋል።

ናፍጣ ለመቆጠብ ሲባል ሚኒሞን ከልክ በታች ማውረድ ደግሞ የባሰ አደጋ ያስከትላል። ሹፌሩ በሊማሊሞ ቁልቁለት ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሞተሩ ቢጠፋ፣ የንፋስ ፍሬኑን የሚሞላው መጭመቂያም አብሮ ይቆማል። ቀሪው ንፋስ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል።

አብዛኞቹ የወለቃ ቀጥቃጮች እስከ 1983 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ወደ እስራኤል በመሄዳቸው፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው ጥበብ በመንደራቸው ሳስቷል። በአሮጌው የናፍጣ ሞተር ላይ ያካበትነው ዕውቀትም በጆሮና በእጅ ብቻ የተያዘ ነው። ባለቤቶቹ ጋራዡን ሲለቁ አብሮ እንዳይጠፋ ዛሬውኑ በጽሑፍ ማኖር የሙያ ባልደረቦቻችን ሁሉ ግዴታ ነው።