አንድ ዘረ-መል፣ ሁለት ስሞች፦ የደም ሥር አሳዳጊው ፕሮቲን ታሪክ

ሁለት ተመራማሪዎች አንድን ነገር በየፊናቸው አግኝተው፣ እያንዳንዳቸው ባዩት ጠባይ መሠረት የተለያየ ስም ሲያወጡለት በሕክምና ታሪክ ያጋጥማል። ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው ፕሮቲን ታሪክም እንዲሁ ነው። ፕሮቲኑ የሚሠራበትን መመሪያ የያዘው ዘረ-መል የሚገኘው በ6ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ነው። (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዓይን ሐኪሙ አይዛክ ማይክልሰን በሬቲና ላይ የደም ሥሮችን የሚያበቅል ንጥረ ነገር እንዳለ በ1948 ገምተው ነበር። በ1971 ደግሞ የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን፣ የካንሰር ዕጢ አዲስ ደም ሥር ካላበቀለ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ማደግ እንደማይችል፣ ደም ሥሩን መግታትም ዕጢውን ማስራብ እንደሆነ ጻፉ። ሐሳባቸውን በጊዜው የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ።

በ1983 ዶናልድ ሴንገር፣ ሃሮልድ ድቮራክና ባልደረቦቻቸው ከእንስሳት የካንሰር ዕጢ፣ የደም ሥር ግድግዳን ፈሳሽ እንዲያሳልፍ የሚያደርግ ፕሮቲን አገኙ፤ በጠባዩም «አሳላፊ» ብለው ሰየሙት። በ1989 በካሊፎርኒያ ናፖሊዮን ፌራራ ከከብት ፒቱይታሪ ሕዋሳት የደም ሥር ሕዋሳትን የሚያራባ ፕሮቲን ለይተው «አሳዳጊ» አሉት። በዚያው ዓመት የሁለቱ ፕሮቲኖች ዘረ-መል ሲነበብ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱም ስሞች ትክክል እንደነበሩ የስኳር ሕመምተኛው ዓይን ይመሰክራል። ኦክስጅን ያጠረው ሬቲና ይህን ፕሮቲን አብዝቶ ያመነጫል፤ በዚህም ደካማ ደም ሥሮች ይበቅላሉ፣ ይደማሉ፤ ፈሳሽም አሳልፈው የማየት ማእከሉን ያሳብጣሉ። በሕመምተኞች የዓይን ፈሳሽ ውስጥ የፕሮቲኑ መጠን ከፍ ማለቱ በ1994 ታወቀ። ማነሱም አደጋ ነው፤ ከሁለቱ የዘረ-መሉ ቅጂዎች አንዱን ያጡ የአይጥ ፅንሶች እንደሚሞቱ በ1996 ታይቷል።

ፕሮቲኑን የሚያግደው ፀረ-አካል፣ ቤቫሲዙማብ፣ በ2004 በአሜሪካ ለተሠራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተፈቀደ። በዓመቱ የዓይን ሐኪሞች በጥቂቱ እየቀነሱ ወደ ዓይን መውጋት ጀመሩ። በ2006 ለዓይን ተብሎ የተሠራው ራኒቢዙማብ ገበያ ላይ ሲውል የአንድ መርፌ ዋጋ በአሜሪካ ወደ 2000 ዶላር ሲሆን፣ የተከፋፈለው ቤቫሲዙማብ ግን 50 ዶላር ገደማ ነበር። በእርጅና ምክንያት በሚመጣ የሬቲና ሕመም ላይ በአሜሪካ የተደረገ የንጽጽር ጥናት፣ በአንድ ዓመት ክትትል የሁለቱ ውጤት እኩል መሆኑን በ2011 አሳየ። በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ቤቫሲዙማብን ለዓይን ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካተተ።

አቅሙ ውስን ለሆነ ሕመምተኛ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ኃላፊነቱ ግን የእኛ ነው። ለአንድ ዓይን የሚበቃው 0.05 ሚሊ ሊትር በመሆኑ አንድ ብልቃጥ ለብዙዎች ይዳረሳል፤ ሲከፋፈል ንጽሕናው ከተጓደለም የብዙዎች ዓይን በአንድ ቀን ሊመረዝ ይችላል። ከሁሉም በላይ መድኃኒቱ የሞተ ሬቲናን አያስነሣም። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ «ዓይኔ ደህና ነው» ቢልም፣ ዓይኑ በየጊዜው እንዲመረመር መላክ ከመርፌው የሚቀድም ሕክምና ነው።